አባ ባርቶሎሜ ዴ ላስ ካሳስ (1484–1566)፦ የራሳቸውን ስውር አድልዎ ያወቁ ጳጳስ

የዘር መድልዎ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ በሐሳባችን የሚመጣው በጥላቻ የተሞላ፣ ሌላውን ሕዝብ ዐውቆና ፈቅዶ የሚያዋርድ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በእርግጥ አለ፤ ኃጢአቱም የተገለጠ ስለ ሆነ ለመለየት አያስቸግርም። ነገር ግን መድልዎ ጸንቶ የሚኖረው በእርሱ ብቻ አይደለም። ጸሎተኛ፣ ርኅሩኅና ለተበደለ የሚሟገት ሰው እንኳ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዐይኑ በለመደው ነገር ምክንያት አንዱን ወገን ከሰው ቁጥር ሳያስገባ ሊኖር ይችላል፤ ሳያስገባ መኖሩንም አያውቀውም። ስለዚህ ነገር በደረቁ ከመናገር ይልቅ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ስማቸው የታወቀውን የአባ ባርቶሎሜ ዴ ላስ ካሳስን ሕይወት መተረክ ይሻላል ብለን አሰብን። ብዙዎቻችሁ ስማቸውን የሰማችሁት የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች ጠበቃ ተብለው ሲመሰገኑ ይሆናል። ምስጋናው የሚገባቸው ነው፤ እኛ ግን በይበልጥ ልንቆምበት የፈለግነው ባልተመሰገኑበት በኩል ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ባርቶሎሜ በ1484 በደቡብ ስፔን በሴቪሊያ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ፔድሮ ዴ ላስ ካሳስ ነጋዴ ነበሩ፤ በ1493 ከክሪስቶፎር ኮሎምቦስ ጋር በሁለተኛው ጉዞ ወደ አዲሱ ዓለም ሄደው ነበር። ሴቪሊያ በዚያ ዘመን በምዕራብ አውሮፓ ብዙ ባሮች ከሚገኙባቸው ከተሞች አንዷ ነበረች። ከአፍሪካ የመጡ ጥቁሮች በየባለጠጋው ቤት ያገለግሉ፣ በወንዙ ወደብ ሸክም ይሸከሙ ነበር። ከ14ኛው መቶ ዘመን ፍጻሜ ጀምሮ በከተማይቱ የራሳቸው መንፈሳዊ ማኅበር እንኳ ነበራቸው። ለሕፃኑ ባርቶሎሜ ጥቁር ባሪያ ማየት ወንዙን ወይም የካቴድራሉን ግንብ እንደ ማየት ነበር። ስለዚህ ነገር ማንም አልጠየቀም፤ እርሳቸውም አልጠየቁም።

ወጣት ሳሉ አንድ ነገር ሆነ። አባታቸው ከጉዞ ሲመለሱ ከደሴቶቹ አንድ ወጣት ተወላጅ ይዘው መጡ፤ ልጁም ከባርቶሎሜ ጋር ለጥቂት ጊዜ ኖረ። ንግሥት ኢሳቤላ ግን ኮሎምቦስ የእርሳቸውን ዜጎች ለባርነት ማከፋፈሉን ሲሰሙ ተቈጡ፤ በ1500 የመጡት ሁሉ ወደ አገራቸው እንዲመለሱ አዘዙ፤ ያም ወጣት ተመለሰ። ከተማው ሁሉ ትእዛዙን ሰማ። በዚያው ከተማ፣ በዚያው መንገድ ላይ የሚመላለሱትን አፍሪካውያን ግን ትእዛዙ አልነካቸውም፤ ለምን አልነካቸውም ብሎ የጠየቀም የለም። ይህን እንድታስታውሱልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

በ1502 ላስ ካሳስ ከአገረ ገዢው ከኒኮላስ ዴ ኦቫንዶ ጋር ወደ ሂስፓኒዮላ ደሴት (ዛሬ ሄይቲና የዶሚኒካን ሪፑብሊክ ወደሚገኙበት ምድር) ተሻገሩ። በዚያ እንደ ሌሎቹ ስፔናውያን መሬትና በላዩ የሚሠሩ ተወላጆች ተሰጧቸው። አሠራሩ በስፔንኛ ኤንኮሚዬንዳ ይባል ነበር፤ ቃሉ አደራ እንደ ማለት ነው። በሕጉ አነጋገር ስፔናዊው ተወላጆቹን በአደራ ተቀብሎ ሃይማኖት ሊያስተምራቸውና ሊጠብቃቸው፣ እነርሱም በጉልበታቸው ሊያገለግሉት ይገባ ነበር። በተግባር ግን ትምህርቱ ቀረና ጉልበቱ ብቻ ተወሰደ። ሰዎቹ በወርቅ ማውጫና በእርሻ በድካም፣ በረሃብና ከባሕር ማዶ በመጣው በሽታ በብዛት አለቁ። ላስ ካሳስ በዚያ ዘመን ክህነት ተቀበሉ፤ ክህነታቸው ግን ከኤንኮሚዬንዳው አላለያቸውም። ሰዎቻቸውን እንደማይገርፉ፣ በረሃብ እንደማይቀጧቸው ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ ራሳቸውን ደግ ጌታ አድርገው ይመለከቱ ነበር።

በ1510 የዶሚኒካን ማኅበር መነኮሳት በአለቃቸው በአባ ፔድሮ ዴ ኮርዶባ እየተመሩ ወደ ደሴቲቱ ደረሱ። ያዩትን ሁሉ ተመለከቱ፣ መረመሩ፣ በአንድነትም ጸለዩ። ከዚያም ከልደት በፊት በሚውለው በአራተኛው እሑድ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 1511 (በአውሮፓውያን ወር) ከመካከላቸው አባ አንቶኒዮ ዴ ሞንቴሲኖስ ወደ መስበኪያው ወጡ። አገረ ገዢውና ሹማምንቱ ተቀምጠው ሳለ፣ ሁሉም በሞት በሚያደርስ ኃጢአት ውስጥ እንደሚኖሩ፣ እነዚህ ተወላጆች ነፍስና አእምሮ ያላቸው ሰዎች መሆናቸውንና እንደ ራስ ሊወደዱ እንደሚገባ በግልጽ ነገሯቸው። ሰፋሪዎቹ ተቈጥተው ወደ ገዳሙ ሄዱና ቃሉን እንዲመልሱ አስጠነቀቁ። በሚቀጥለው እሑድ ሕዝቡ የንስሐ ቃል ሲጠብቅ አባ አንቶኒዮ ያንኑ አጽንተው ሰበኩ።

ላስ ካሳስ ያን ጊዜ በደሴቲቱ ነበሩ፤ የስብከቱም ወሬ ደርሷቸዋል። ስብከቱ ግን አልለወጣቸውም። ከዚያ በኋላ ወደ አንድ ዶሚኒካዊ ካህን ዘንድ ለንስሐ ሄደው ተወላጆችን ስለሚይዙ ፍትሐት ተከለከሉ። ተከራከሩ፤ መነኩሴውን አክብረው፣ ተወላጆቻቸውንም እንደ ያዙ ተመለሱ። እዚህ ላይ ካህናት ወንድሞቻችን ሁሉ ጥቂት ቆም ብለው ቢያስቡ መልካም ነው። ሰውየው ክፉ አልነበሩም። ጸሎታቸውን አላስታጐሉም። የተነገራቸውም ነገር አስቸጋሪ ቋንቋ አልነበረም። ነገር ግን ስለ ሌሎች ጨካኞች የተነገረ መሰላቸው።

በ1513 በኩባ ወረራ ጊዜ ለወታደሮቹ ካህን ሆነው ሄዱ። በካኦናኦ መንደር ያዩትን እስከ እርጅናቸው አልረሱም። በፓንፊሎ ዴ ናርቫኤዝ የሚመሩት ወታደሮች በዚያ ቀን ጠዋት ቁርስ ለመብላት በደረቀ ወንዝ ሥፍራ ዐርፈው ሳለ የሞረድ ድንጋይ አግኝተው ሰይፋቸውን ሳሉ። ወደ መንደሩም በደረሱ ጊዜ ፈረሶቹን ለማየት በጸጥታ ተቀምጠው የነበሩትን ሰዎች አንዱ ሰይፉን ሲመዝዝ ሌሎቹም ተከትለው ወንድ፣ ሴት፣ ሕፃን ሳይሉ ፈጇቸው። ላስ ካሳስ ሊያስጥሉ ሮጡ፤ የቻሉትን አዳኑ፤ ለሚሞቱትም ጥምቀት ሰጡ። ይህን ሁሉ አይተው ሳለ፣ ወረራው ሲያልቅ ስለ አገልግሎታቸው በአሪማኦ ወንዝ አጠገብ መሬትና ተወላጆች በተሰጧቸው ጊዜ ከወዳጃቸው ከፔድሮ ዴ ሬንቴሪያ ጋር ተካፍለው ተቀበሉ። ለእኛ ከካኦናኦ እልቂት ይልቅ የሚያስደንቀን ይህ ነው። የጭካኔውን ገጽ ያዩት ዐይኖች የእርሻቸውን ገጽ አላዩም።

ዐይናቸው የተከፈተው በ1514 ለጰራቅሊጦስ በዓል ስብከት ሲያዘጋጁ ነው። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 34 ላይ ደረሱ፤ በዚያም ከግፍ በተገኘ ሀብት የሚቀርብ መሥዋዕት የተጠላ መሆኑን፣ የድኃውን እንጀራ የሚቀማም እንደ ነፍሰ ገዳይ እንደሚቈጠር አነበቡ። ለብዙ ቀናት ነገሩን ከሕግ መጻሕፍትና ካዩት ሁሉ ጋር አስተያዩት። በመጨረሻም ቀድሞ የተከራከሩት የዶሚኒካዊው ካህን ነገር ትዝ አላቸው። ወደ አገረ ገዢው ወደ ዲዬጎ ቬላስኬዝ ሄደው ተወላጆቻቸውን መመለሳቸውን አስታወቁ፤ በእመቤታችን ፍልሰታ በዓል፣ ነሐሴ 15 ቀን፣ በሳንክቲ ስፒሪቱስ ከተማ በሕዝብ ፊት በስብከት ገለጡት። ሬንቴሪያ በዚያን ጊዜ በጃማይካ ነበሩ፤ ሲመለሱ እርሳቸውም በዐቢይ ጾም በፍራንቸስካውያን ገዳም ሱባኤ ሳሉ ተመሳሳይ ሐሳብ እንደ መጣባቸው ተነጋገሩና ሁለቱ ወዳጆች ተስማሙ።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው ብዙ ነውና በአጭሩ እናልፈዋለን። በ1515 ወደ ስፔን ተሻግረው በታኅሣሥ ወር ከንጉሥ ፌርዲናንድ ጋር ተገናኙ፤ ንጉሡ ግን በቀጣዩ ወር ሞቱ። የመንግሥቱ እንደራሴ ካርዲናል ሂሜኔዝ ዴ ሲስኔሮስ ሰሟቸው፤ በ1516 የተወላጆች ጠባቂ ብለው ሾሟቸው። ላስ ካሳስ በዚያ ዓመት ተወላጆቹ ከሞት የሚድኑበትን ዝርዝር ዕቅድ ጽፈው አቀረቡ። የሥራ ሰዓት፣ የምግብ መጠን፣ ሐኪም፣ ሆስፒታል፣ ሁሉም ታስቦበታል።

በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ተወላጆቹን የሚተካ ጉልበት ስለሚገኝበት መንገድ ሲያስረዱ፣ ሰፋሪዎቹ ጥቁር ወይም ነጭ ባሮች ወደ ደሴቶቹ እንዲያስመጡ ይፈቀድላቸው የሚል ምክር ሰጡ። ምክሩን ያፈለቁት ሙሉ በሙሉ እርሳቸው አልነበሩም። አንዳንድ ሰፋሪዎች እያንዳንዳቸው 12 ያህል ጥቁር ባሮች ለማስመጣት ፈቃድ ቢያገኙ ተወላጆቻቸውን እንደሚለቁ ነግረዋቸው ነበር። ሲያዩት ቀላል መፍትሔ ነበር፤ የሚሞቱት ይድናሉ፣ እርሻውም አይቆምም። የእነዚያ ተተኪዎች ነፍስ ግን በሒሳቡ ውስጥ አልገባም።

ይህን ምክር የሰጡት እኮ በምድር ላይ ስለ ሰው ክብር በዚያ ሰዓት እጅግ ይጮኹ ከነበሩት ካህናት አንዱ ናቸው። ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ሴቪሊያ መመለስ ያስፈልጋል። የደሴቶቹን ተወላጆች ላስ ካሳስ በአገራቸው ያዩት ካደጉ በኋላ ነው፤ ነጻ ሆነው በመንደራቸው ሲኖሩ አይተው፣ ከዚያም በባርነት ሲጠፉ አዩ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጮኸባቸው። አፍሪካዊውን ግን ነጻ ሆኖ በአገሩ ፈጽሞ አላዩትም፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያዩት ባሪያ ሆኖ ብቻ ነው። ስለዚህ ባርነቱ በእርሱ ላይ የደረሰ ነገር ሳይሆን የእርሱ ማንነት መሰላቸው። ምናልባት በጻድቅ ጦርነት ተማርኮ ይሆናል የሚል የሊቃውንት አነጋገርም ነበር፤ ላስ ካሳስም ያን አነጋገር ሳይመረምሩ ተቀብለውት ነበር። በልባቸው ውስጥ ለጥቁር ሰው ጥላቻ አልነበረም። ጥላቻ ቢኖር ኖሮ ንስሐ ሲገቡ ባገኙት ነበር።

ይህን ስንጽፍ የራሳችን ነገር ትዝ ይለናል። በአንድ የገጠር ቁምስና ባገለገልንበት ጊዜ ምእመናንን በየቤታቸው እየዞርን እንባርክ ነበር፤ ቡና ያልጠጣንበት ቤት የለም እንል ነበር። አራት ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ አረጋዊ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር፣ አባታችን በሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ግን ቡና ጠጥተው አያውቁም ሲሉ በትሕትና አስታወሱን። እውነት ነበር። ጠበል ረጭተን፣ ቆመን ባርከን እንወጣ ነበር። ማንም አልከለከለንም፤ እኛም እንዳንጠጣ አልወሰንንም። ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ በማይከበርበት፣ ሲኒያቸው በማይነካበት አካባቢ አድገን እግራችን ራሱ የተማረውን ይሠራ ነበር። የዘርዓ ክህነት ትምህርታችን ስለ ሰው ልጆች እኩልነት ብዙ አስተምሮናል፤ እግራችንን ግን አላስተማረውም።

ወደ ነገራችን እንመለስ። በ1518 ወጣቱ ንጉሥ ካርሎስ ምክሩን ተቀበሉ። ለአራቱ ደሴቶች፣ ለሂስፓኒዮላ፣ ለሳን ሁዋን (ዛሬ ፖርቶ ሪኮ)፣ ለኩባና ለጃማይካ ስንት ይበቃል ተብሎ ተጠየቀና 4,000 ተባለ። ፈቃዱ ለአንድ የቤተ መንግሥት ባለሟል ተሰጠ፤ እርሱም ለጄኖቫ ነጋዴዎች በ25,000 ዱካት ሸጠው። ነጋዴዎቹም ዋጋውን ከፍ አድርገው ፈቃዱን ዘርዝረው ሸጡ። ስለዚህ ተወላጆቹ እንኳ አልተጠቀሙም፤ ፈቃዱ ለእነርሱ ነጻነት ተብሎ ወጥቶ የነጋዴ ሸቀጥ ሆነ። ላስ ካሳስ በዚህ አዝነዋል፤ ያዘኑት ግን ስለ ተወላጆቹ ነበር። በ1531 ለምክር ቤቱ በላኩት ደብዳቤም ያንኑ ምክር ደገሙት።

ለእውነት ስንል መጨመር ያለብን ነገር አለ። ጥቁር ባሮችን ወደ አዲሱ ዓለም መላክ የተጀመረው በላስ ካሳስ አይደለም፤ የስፔን ዘውድ ገና በ1501 ለኦቫንዶ በሰጠው መመሪያ ፈቅዶታል። ኋላ የተነሡ ጠላቶቻቸው ንግዱን በሙሉ በእርሳቸው ራስ ላይ መጫናቸው ከእውነት የራቀ ነው። በአራት መቶ ዘመናት ውስጥ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ በግድ የተጫኑት አፍሪካውያን 12 ሚሊዮን ተኩል ያህል እንደሆኑ የታሪክ ሊቃውንት ይገምታሉ፤ ይህን የሚያህል ግፍ ከአንድ ካህን ምክር አይወለድም። ምክራቸው ግን ከብዙዎቹ ገባር ምንጮች አንዱ ነበር፤ ይህን እርሳቸው ራሳቸው አልካዱም።

በ1522 ወደ ዶሚኒካን ማኅበር ገቡ። ለዓመታት በገዳም ተቀምጠው አጠኑ፤ በ1527 የሕንዶችን ታሪክ (ስፔናውያን የአዲሱን ዓለም ምድር ሕንዶች ይሉት ነበርና) መጻፍ ጀመሩ። በ1537 በጓቲማላ አንድ ጦረኛ ተብሎ የተፈራ አውራጃ ያለ ሰይፍ፣ በስብከትና በዝማሬ ብቻ ወደ ሃይማኖት ለማምጣት ሥራ ጀመሩ። በዚያው ዓመት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 3ኛ ተወላጆቹ ነጻነታቸውና ንብረታቸው ሊወሰድባቸው የማይገባ እውነተኛ ሰዎች መሆናቸውን በመልእክታቸው አወጁ። በ1542 በላስ ካሳስ ብርቱ ጥረት ተወላጅን ባሪያ ማድረግን የሚከለክሉት አዲሶቹ ሕጎች ወጡ። በ1544 የቺያፓ ጳጳስ ሆነው ተቀቡ፤ ተወላጅ ለሚይዙ ሁሉ ፍትሐት እንዳይሰጥ አዘዙ። እርሳቸው የተከለከሉትን ፍትሐት አሁን እርሳቸው ከለከሉ። ሕዝቡ ተነሣባቸው፤ ብዙ ሳይቆዩ ወደ ስፔን ለመመለስ ተገደዱ።

በመንገዳቸው በ1547 በሊዝበን ዐረፉ። ሊዝበን የአፍሪካ ንግድ መናኸሪያ ነበረች። በእነዚህ ዓመታት ላስ ካሳስ የፖርቱጋልን የታሪክ መጻሕፍት ማንበብ ጀመሩ፤ በስድሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካውያን እንዴት ባሮች እንደ ሆኑ ጠየቁ። ያገኙት መልስ አስደነገጣቸው።

ጎሜስ ኤያኔስ ዴ ዙራራ የተባለው የፖርቱጋል የታሪክ ጸሐፊ በነሐሴ 8 ቀን 1444 በላጎስ ከተማ የሆነውን መዝግቦ ነበር። ከአፍሪካ ጠረፍ በመርከብ የመጡ 235 ምርኮኞች ከከተማው ውጪ በሜዳ ላይ ተሰለፉ። እኩል ድርሻ እንዲወጣ አባት ከልጅ፣ ባል ከሚስት፣ ወንድም ከወንድም ተለየ። እናቶች ልጆቻቸውን ዐቅፈው በምድር ላይ ተደፉ። ልዑል ሄንሪ በፈረስ ላይ ሆኖ አምስተኛውን እጅ ድርሻውን ተቀበለ። ዙራራ ስለዚህ ነገር ማልቀሱን ራሱ ጽፏል፤ ነገር ግን ነፍሳቸው በጥምቀት ትድናለች በማለት ተጽናንቷል።

ላስ ካሳስ በዚህ መጽናናት አልተስማሙም። ጸሐፊውም ከልዑሉ የተሻለ ልብ አልነበረውም ብለው ፈረዱ፤ በጎ አሳብና ከግፉ በኋላ የመጣ በጎ ነገር ግፉን አያነጻውም አሉ። ጻድቅ ጦርነት የተባለውም የለም፤ እነዚያ ሰዎች ፖርቱጋልን አልወጉም፣ አብዛኞቹም ስለ ክርስቶስ ሰምተው እንኳ አያውቁም ነበር። ልብ በሉ፤ በዙራራ ላይ የፈረዱት ፍርድ በ1516 በራሳቸው ምክር ላይም የሚፈረድ ነው። በጎ አሳብ የነበራቸው እርሳቸውም ናቸውና። ለፖርቱጋል ነገሥታት ጣዖት አምላኪዎችንና እስላሞችን ለማስገበር በ1452 እና በ1455 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኒቆላዎስ 5ኛ የጻፏቸው ደብዳቤዎችም ለዚህ ግፍ ሽፋን ሆነው ቆይተዋል፤ ቅድስት መንበር እንዲህ ባሉ ደብዳቤዎች ላይ የተመሠረተውን ሌላውን አገር አግኝቶ የመያዝ መብት የሚባል አስተሳሰብ እንደማትቀበል በመጋቢት 30 ቀን 2023 በይፋ አስታውቃለች።

በ1550 እና በ1551 በቫላዶሊድ በሳን ግሬጎሪዮ ኮሌጅ የተደረገው ታላቅ ክርክር ብዙ ስለ ተጻፈበት አናስረዝመውም። ሊቁ ሁዋን ሂኔስ ዴ ሴፑልቬዳ የአርስጣጣሊስን ትምህርት ይዘው ተወላጆቹ በተፈጥሮ ለመገዛት የተፈጠሩ አረመኔዎች ናቸው ብለው ተሟገቱ። ወደ አሜሪካ ረግጠው አያውቁም። ላስ ካሳስ ለአምስት ቀናት ያህል ጽሑፋቸውን አነበቡ። አረመኔ የሚለውን ቃል ትርጕም እየለያዩ ሲያስረዱ፣ ቋንቋውን የማላውቀው ሰው ለእኔ አረመኔ ከሆነ እኔም ለእርሱ እንዲሁ መሆኔን በሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ትምህርት አመለከቱ። ዳኞቹ የመጨረሻ ፍርድ ሳይሰጡ ተበተኑ። በእኛ አስተያየት ግን ከዚህ አደባባይ ክርክር ይልቅ በዚያው ዘመን በክፍላቸው ተቀምጠው ብቻቸውን የጻፉት ይበልጣል።

በታሪካቸው ሦስተኛ መጽሐፍ ውስጥ ስለዚያ ምክር ጻፉ። በመጽሐፉ ራሳቸውን እንደ ሌላ ሰው ቄስ ካሳስ እያሉ ነው የሚጠሩት፤ ምናልባትም ሰው ስለ ሌላው ሲፈርድ ስለ ራሱ ከሚፈርደው ይልቅ ቀጥተኛ ስለሚሆን ይሆናል። ቄስ ካሳስ ምክሩን የሰጠው ፖርቱጋሎች ጥቁሮቹን በምን ግፍ እንደሚይዙ ሳያስተውል እንደ ነበር፣ ካወቀ በኋላ ግን በዓለም ላይ ላለ ነገር ሁሉ እንደማይሰጠው መሰከሩ። የጥቁሮች ምርኮ የተወላጆቹን ያህል ዐመፅ ነው ሲሉም ደመደሙ። ከዚያም ብዙ ሰው የሚያቆምበት ቦታ ላይ ደርሰው አላቆሙም። አለማወቃቸውና በጎ ፈቃዳቸው በእግዚአብሔር ፍርድ ፊት ምክንያት ይሆንላቸው እንደ ሆነ እርግጠኛ እንዳልሆኑ ጻፉ። ሌላው ሰው አላወቅሁም ብሎ ሲጽናና፣ እርሳቸው አለማወቁን ራሱን ሊጠየቁበት የሚገባ ነገር አደረጉት፤ ማወቅ ይችሉ ነበርና።

በዚያው መጽሐፍ ስለ ቀድሞ ዘመን የሚያስገርም ነገር አስፍረዋል። የስኳር ወፍጮዎች ከመምጣታቸው በፊት በሂስፓኒዮላ ያሉ ስፔናውያን ጥቁር ሰው ካልተሰቀለ በቀር አይሞትም ብለው ያምኑ ነበር፤ በበሽታ የሞተ አላዩምና። ወደ ስኳር ወፍጮ ከገቡ በኋላ ግን በሥራው ብዛት በየቀኑ ሲሞቱ ታዩ። ላስ ካሳስ ይህን የጻፉት ሌሎች እንዲህ ያስቡ ነበር ብለው አይደለም፤ እኛ እንዲህ እናስብ ነበር ብለው ራሳቸውን ጨምረው ነው። ስለ አንድ ሕዝብ ብርታት የተነገረ ውዳሴ የሚመስል ቃል ሰዎቹን ወደ ሞት ሥራ ለመንዳት እንዴት እንደሚያገለግል ከዚህ ይታያል።

እኛን ኢትዮጵያውያንን በስም የሚነካ አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳንጠቅስ ማለፍ አልፈለግንም። በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ የአውሮፓ ሊቃውንት ኢትዮጵያዊ የሚሉት ማንኛውንም ጥቁር ሰው ነበር። የቅዱስ ጴጥሮስ ክላቬር መምህር የነበሩት ኢየሱሳዊው አባ አሎንሶ ዴ ሳንዶቫል በ1627 በሴቪሊያ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በካርታኼና ወደብ ከመርከብ ሰንሰለት የሚወርዱትን ሁሉ ኢትዮጵያውያን ብለው ይጠሯቸዋል። ስለ እነርሱም በርኅራኄ ጻፉ፤ እንዴት እንደሚጠመቁና እንደሚታከሙ አስተማሩ። ስማችን በአንዱ ዓለም የባሪያ ስም ሲሆን፣ በእኛው አገር ደግሞ ባርነት በአዋጅ እስከ ቀረበት እስከ 1942 ድረስ እና ከዚያም ወዲህ በአንደበታችን፣ ባሪያ የሚለው ቃል ፊቱ የጠቈረ ወንድማችን መጠሪያ ሆኖ ኖሯል። ቃሉን በቀልድ የሚናገሩት፣ ብዙ ጊዜም ጥሩ ክርስቲያኖች ናቸው።

አባ ባርቶሎሜ በሐምሌ 18 ቀን 1566 በማድሪድ በአቶቻ እመቤታችን ገዳም ዐረፉ፤ ዕድሜያቸው 82 ገደማ ነበር። የታሪካቸውን የእጅ ጽሑፍ ለሳን ግሬጎሪዮ ኮሌጅ ትተው ለ40 ዓመታት እንዳይገለጥ አዝዘው ነበር። ጽሑፉ ግን ከዚያ እጅግ የበለጠ ቆየ። ስለ ተወላጆቹ ግፍ የጻፉት አጭሩ መጽሐፍ በ1552 በሴቪሊያ ታትሞ ወደ ብዙ ቋንቋዎች ተተረጐመ፤ ስማቸውም በእርሱ ታወቀ። ስለ አፍሪካውያን የጻፉት ኑዛዜ ያለበት ታላቁ መጽሐፍ ግን ከ300 ዓመታት በላይ በእጅ ጽሑፍ ተቀምጦ በማድሪድ መታተም የጀመረው በ1875 ነው። ላስ ካሳስ ተወላጆቻቸውን በለቀቁባት በኩባ ደሴት በዚያ ዓመት ጥቁር ባሮች አሁንም በስኳር እርሻዎች ይሠሩ ነበር። ባርነት በዚያ በሕግ የቀረው በ1886 ነው።